ማያዎች የፀሐይን ዓመት እንዴት ለኩት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማያ ሕዝቦች አገር ዛሬ ደቡብ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ቤሊዝ፣ ምዕራብ ሆንዱራስና የኤል ሳልቫዶር ክፍል በሚባለው ምድር ላይ የተዘረጋ ነው። ስለ ዘመን አቆጣጠራቸው ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ግማሹ ግን ቁጥሩን ይዞ ሥራውን ይተዋል። ከዚህ በታች የምንመልሰው ሥራውን ነው፦ የት ቆመው አዩ፣ ምን ቆጠሩ፣ ስሕተቱ ከየት ይመጣል። ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያውን አቻ በቅንፍ አስቀምጠናል።

ባጭሩ፣ የዓመቱን ርዝመት በምን ለኩት?

በሁለት ነገር፦ አድማስን በማየትና ቀንን ሳያቋርጡ በመቁጠር። ፀሐይ በየዕለቱ የምትወጣበት ቦታ በአድማሱ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን ጫፍ፣ አንዴ ወደ ደቡብ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። አንድ የታወቀ ምልክት ላይ ስትወጣ ያዩና ቀኑን ይመዘግባሉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያው ምልክት ላይ ስትወጣ እንደገና ይመዘግባሉ፤ በመካከሉ ያለፉትን ቀኖች ለዓመቱ ብዛት ያካፍላሉ። መነጽር አያስፈልግም፣ የሰዓት መሣሪያም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የማይናወጥ መቆሚያ፣ የማይናወጥ ምልክትና ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይጠፋ የሚተላለፍ የቀን ቆጠራ ነው። ማያዎች ሦስቱም ነበሯቸው።

የ365 ቀኑ አቆጣጠር እንዴት ነው የሚሠራው? የእኛን ጳጉሜን ይመስላል ይባላል።

አቆጣጠሩ ሃብ ይባላል። እያንዳንዳቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት 360 ቀን ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ ዋዬብ የምትባል የ5 ቀን ወር ትጨመራለች። የመጀመሪያው ወር ፖፕ፣ የመጨረሻው ሙሉ ወር ኩምኩ ነው። የወሩ ቀኖች ከ1 እስከ 20 ሳይሆን ከ0 እስከ 19 ይቆጠራሉ፤ ዜሮዋ ቀን ወሩ ቦታውን ይዞ «የሚቀመጥባት» ናት። በዋዬብ ከ0 እስከ 4 ብቻ አለ።

ከጳጉሜን ጋር ያለው ተመሳሳይነት እውነተኛ ነው፤ ሁለቱም ወራቱ እኩል ከተከፈሉ በኋላ የተረፉትን 5 ቀኖች የሚያስቀምጡባት ትንሽ ወር ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የእኛ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ትሆናለች። ዋዬብ ግን ምንጊዜም 5 ናት። ከዚህ አንጻር ሃብን የሚመስለው የዛሬው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበረው የጥንት ግብጻውያን 365 ቀን ዓመት ነው፤ እርሱም ስድስተኛዋ ቀን እስክትጨመርለት ድረስ በወቅቶች ላይ ሲንሸራተት ኖሯል።

ቀን ካልጨመሩ ወራቱ ከክረምትና ከበጋ ጋር አልተዛቡም?

ተዛብተዋል። ከወቅቶች ጋር የሚሄደው የፀሐይ ዓመት 365.2422 ቀን ገደማ ነው። ሃብ በየዓመቱ በ0.2422 ቀን ይቀድማል፤ በአራት ዓመት አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ በ60 ዓመት ዕድሜ 14 ቀን ተኩል፣ በመቶ ዓመት 24 ቀን ይሆናል። አንድ ገበሬ በልጅነቱ ዝናብ ሲጥል ያያት የሃብ ቀን በእርጅናው ከዝናቡ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትመጣለች።

አንድ ሙሉ ዙር አልፎ ተመልሶ ከወቅቱ ጋር ለመገናኘት 1,508 ሃብ ያስፈልጋል፤ ይህም ከ1,507 የፀሐይ ዓመታት ጋር እኩል ነው፤ በቀን ሲቆጠር ሁለቱም 550,420 ናቸው። ይህን እኩልነት ማያዎች ራሳቸው ያውቁ ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ በማያ ጽሑፍ ላይ ግን ተጽፎ አልተገኘም፣ ስለዚህ ለእነርሱ ባንሰጠው ይሻላል።

ስሕተቱን እያዩ ለምን አላስተካከሉትም?

ጥያቄው የሚነሳው ሃብን እንደ ወቅት መቁጠሪያ ከማየት ነው። ሃብ ከሌሎች ቆጠራዎች ጋር እንደ ሰዓት ጥርሶች የተገጣጠመ መለኪያ ነበር፤ አንድ ጥርስ ቢጨመርበት ሁሉም ይፈታል።

ዝርዝሩ እንዲህ ነው። ከሃብ ጎን 260 ቀን ያለው የተቀደሰ ቆጠራ ጾልቂን ይሄዳል፤ ከ1 እስከ 13 ያሉ ቁጥሮች ከ20 የቀን ስሞች ጋር እየተጣመሩ ይዞራሉ። 365 ለ20 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ የዓመት መባቻ ሊውል የሚችለው ከ20ዎቹ ስሞች በአራቱ ላይ ብቻ ነው። 365 ለ13 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ የመባቻው ቁጥር በየዓመቱ በአንድ ይጨምራል። አራት ስም በ13 ቁጥር 52 ዓመት ይሰጣል፤ ይህ 18,980 ቀን ያለው ታላቁ ዙር ነው፣ ማለትም 52 ሃብ ወይም 73 ጾልቂን። አራቱ ስሞች የዓመቱ «ተሸካሚዎች» ናቸው፤ የዓመቱ ዕጣ ፈንታ የሚነበበው ከእነርሱ ነው። በአራት ዓመት አንድ ቀን ቢጨመር መባቻው ከአራቱ ስሞች ውጭ ይወድቃል።

ቬነስም እዚህ ውስጥ አለች። ቬነስ የንጋት ኮከብ ሆና ከታየች እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ መታየቷ 584 ቀን ገደማ ነው፤ አምስት እንዲህ ያሉ ዙሮች 2,920 ቀን፣ ማለትም ልክ 8 ሃብ ይሆናሉ። የሃብ 365 ሙሉ ቁጥር መሆኑ ለዚህ ሁሉ ስሌት መሠረት ነበር።

ማያዎች ማስተካከል አያውቁም ነበር ማለት ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። ከቀሩት ጥቂት የማያ መጻሕፍት አንዱ፣ በጀርመን ድሬስደን ከተማ የሚገኘው፣ የቬነስ ሰንጠረዥ አለው። የቬነስ አማካይ ዙር በትክክል 583.92 ቀን ስለሆነ በ584 መቁጠር ከ61 ዙር በኋላ ወደ 5 ቀን ያህል ያዛባል። ሰንጠረዡ 61ኛው ዙር ላይ 4 ቀን ቀንሶ እንደገና እንዲጀመር ያደርጋል። ለምን በትክክል 4? ምክንያቱም 61 ጊዜ 584 ሲቀነስ 4፣ 35,620 ይሆናል፤ ይህም ለ260 ያለ ትርፍ ይካፈላል፣ 137 ጊዜ። ማስተካከያው የተቀደሰውን የቀን ስም ሳይነካ ገባ ማለት ነው። እንግዲህ የሚያስተካክሉት ሰንጠረዡን ነው፣ ቆጠራውን ግን አይነኩም።

ሃብ ቀን እንዳልተጨመረበት በምን እናውቃለን?

በሐውልቶቹ። በማያ ሐውልቶች ላይ ከሃብ ቀን ጎን ረጅሙ ቆጠራ ይጻፋል፤ ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ያለፉትን ቀኖች በሙሉ የሚቆጥር ነው። መደቦቹ ቂን (1 ቀን)፣ ዊናል (20)፣ ቱን (360)፣ ቃቱን (7,200) እና ባቅቱን (144,000) ናቸው። በማያ ቆላማ አገሮች ከተገኙት ጥንታዊው በጓቲማላዋ ቲካል ያለው 29ኛው ሐውልት ሲሆን 292 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ላይ ይውላል፤ የመጨረሻው በሜክሲኮዋ ቶኒና 909 ላይ ነው። በእነዚህ ከስድስት መቶ በላይ ዓመታት ውስጥ የረጅሙን ቆጠራ ቀኖች ለ365 ስናካፍል የምናገኘው የሃብ ቀን ከተጻፈው ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወቅቱ ወደ 150 ቀን ተንሸራቷል። ቢያስተካክሉ ኖሮ እዚህ ላይ ይታይ ነበር።

ጳጳሱ ላንዳ ግን ዓመታቸው 365 ቀንና 6 ሰዓት ነው ብሎ ጽፎ የለም?

ጽፏል። ዲዬጎ ደ ላንዳ በ16ኛው መቶ ዘመን በዩካታን (የዛሬዋ ሜክሲኮ) የነበረ ስፔናዊ መነኩሴ፣ በኋላም ጳጳስ ነው፤ በ1562 ማኒ በተባለች ከተማ የማያ መጻሕፍትን ያቃጠለውም እርሱ ነው። የዓመታቸው መባቻ ጁላይ 16 ላይ እንደሚውል፣ ስድስቷንም ሰዓት እንደሚያውቁ ይናገራል። መባቻውን በአንድ ቀን ላይ ቸነከረው፤ የሐውልቶቹ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምረውን የራሱን የዩልዮስ አቆጣጠር በእነርሱ ላይ አንብቦ ሊሆን ይችላል። ስለ ዓመቱ ትክክለኛ ርዝመት የነገሩት ሰዎች ስድስቷን ሰዓት በምልከታ ቢያውቋትም የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ማወቅና በቆጠራው ውስጥ ማስገባት ግን የተለያዩ ናቸው።

ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ በተግባር እንዴት ተከታተሉ?

በጣም የታወቀው ምሳሌ በሰሜን ጓቲማላ ያለችው ዋሻክቱን ናት። እዚያ ያለውን የሕንፃ ስብስብ በ1924 ፍራንስ ብሎም የተባለ ተመራማሪ ተመልክቶ ነገሩን አስተዋለ። በምዕራብ በኩል ደረጃ ያለው ፒራሚድ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ መድረክ ላይ ሦስት ትንንሽ ቤተ መቅደሶች ተሰልፈዋል። ተመልካቹ ፒራሚዱ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያያል። ጁን 21 (ሰኔ 14) ገደማ ፀሐይ በሰሜናዊው ሕንፃ በኩል፣ ዲሴምበር 21 (ታኅሣሥ 12) ገደማ በደቡባዊው በኩል፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ ከመካከለኛው ጀርባ ትወጣለች። በዚያ ኬክሮስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋት 49 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህ ቅርጽ በማያ ቆላማ አገሮች በብዙ ከተሞች ተደግሟል። ሁሉም ግን እንደ ዋሻክቱን በሦስቱ ቀኖች ላይ አይገጥሙም፤ መጀመሪያ የታሰበው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ተብሎ ነበር፣ ልኬት ሲበዛ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በ2023 ኢቫን ሽፕራይትስ፣ ታኬሺ ኢኖማታና አንቶኒ አቬኒ ከአውሮፕላን በብርሃን ጨረር መሬቱን በሚለካ መሣሪያ (ላይዳር) የተገኙ 415 ጥንታዊ ስፍራዎችን አጥንተው ያወጡት ውጤት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ስፍራዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1100 እስከ ክርስቶስ ልደት በኋላ 250 ድረስ የተሠሩ ናቸው። በብዛት የተደጋገመው አቅጣጫ ፀሐይ ፌብሩዋሪ 11 (የካቲት 4) እና ኦክቶበር 29 (ጥቅምት 19) የምትወጣበት ነው። በሁለቱ መካከል 260 ቀን አለ። ሌሎቹም አቅጣጫዎች ብዙ ጊዜ በ13 ወይም በ20 ብዜት የሚራራቁ ቀኖችን ይይዛሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ፀሐይ በምልክቱ ላይ በአንድ የጾልቂን ቀን ከወጣች፣ ከ260 ቀን በኋላ ስትመለስ የቀኑ ስምም ቁጥርም ያው ነው። ደመና ቢያጋጥም እንኳ የሚመጣውን ቀን አስቀድመው ያውቁታል።

የሕንፃ ምልክት ምን ያህል ትክክል ነው? ምንስ ያበላሸዋል?

ትክክለኛነቱን የሚወስነው ርቀት ነው። ምልክቱ 50 ሜትር ቢርቅና ተመልካቹ ወደ ጎን 44 ሳንቲሜትር ቢንቀሳቀስ፣ አቅጣጫው በግማሽ ዲግሪ ይዛባል። ግማሽ ዲግሪ የፀሐይ ሙሉ ስፋት ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ደግሞ ከአንድ ቀን ጉዞ ይበልጣል። ምልክቱ 5 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ግን ያንኑ ስሕተት ለማምጣት 44 ሜትር መንቀሳቀስ ይጠይቃል። የሩቅ ተራራ ከቅርብ ሕንፃ የሚበልጠው ለዚህ ነው። በኮፓን ሸለቆ፣ ሆንዱራስ፣ 10ኛውና 12ኛው ሐውልት በሸለቆው ሁለት ዳር ወደ 7 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ቆመዋል፤ ከ12ኛው ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ፀሐይ ኤፕሪል 12 (ሚያዝያ 4) ገደማ ከ10ኛው በላይ ትጠልቃለች፤ ለዘር የተመነጠረው ማሳ የሚቃጠልበት ሰሞን ነው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ (ነሐሴ ማብቂያ) ላይ ስትመለስ እንደገና ትገጥመዋለች።

ሌላው ችግር ግንባታ ነው። ማያዎች በአሮጌ ሕንፃ ላይ አዲስ ይደርቡ ነበር። መቆሚያው በጥቂት ሜትር ከፍ ሲል ወይም ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ሲያድግ የድሮው መስመር ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ የቆመውን ፍርስራሽ ለክቶ «አይገጥምም» ማለት አይበቃም፤ የትኛው የግንባታ ዘመን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ጭጋግም አለ፤ አድማሱ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ የንጋቷን ፀሐይ የመጀመሪያ ጠርዝ ይሸፍናታል፣ ስትታይ ደግሞ ወደ ላይ ስትወጣ በአግድም ስለምትሄድ ቦታዋ ተቀይሯል።

ፀሐይ ጫፍ የምትደርስበትን ቀን በትክክል መያዝ ይቻላል?

በቀጥታ በማየት አይቻልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ጫፉ አጠገብ ስትደርስ ትዘገያለች። ከጫፉ 10 ቀን በፊትና በጫፉ ዕለት መካከል ያለው የመውጫ ልዩነት ከ0.4 ዲግሪ አይበልጥም፤ ከራሷ ስፋት ያንሳል። 5 ቀን ሲቀር ልዩነቱ ከ0.1 ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ግን በየቀኑ በ0.4 ዲግሪ ትጓዛለች፣ ልዩነቱን ማንም ያያል።

መፍትሔው መካፈል ነው። ጫፉ ከመድረሱ አንድ ወር ገደማ በፊት ፀሐይ በአንድ ምልክት ላይ ስትወጣ ቀኑን ይይዛሉ፤ ጫፍ ደርሳ ስትመለስ እዚያው ምልክት ላይ የምትወጣበትን ቀን ይይዛሉ፤ በመካከል ያሉትን ቀኖች ለሁለት ያካፍላሉ። ስሕተቱ ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ዝርዝር አለ። ዲሴምበር ካለው ጫፍ እስከ ጁን ጫፍ ያሉትን ቀኖች ቆጥረው ለሁለት ቢያካፍሉ የሚያገኙት ማርች 20 ሳይሆን ማርች 22 ወይም 23 ነው። ምድር በጃንዋሪ ሰሞን ለፀሐይ ስለምትቀርብ ትፈጥናለች፤ ስለዚህ የዓመቱ አራት ክፍሎች እኩል አይደሉም። ብዙ የማያ ሕንፃዎች የሚያዩት ወደ ማርች 23 (መጋቢት 14) እና ሴፕቴምበር 21 (መስከረም 11) የፀሐይ መውጫ ነው። የሚነግረን ነገር አለ፦ መካከለኛውን ቀን ያገኙት ቀን በመቁጠር ነው።

«ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንበት ቀን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከምድር ወገብ እስከ 23.4 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ ባለው ምድር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በእኩለ ቀን ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ በዚያች ቅጽበት ጥላ የለውም። የማያ አገር ሙሉ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ነው። አውሮፓ ይህን ስለማያይ የአውሮፓ ሥነ ፈለክ ስለዚህ ቀን ብዙም አይናገርም።

ቀኑ በኬክሮስ ይለያያል። ኮፓን 14.8 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ኤፕሪል 30 (ሚያዝያ 22) እና ኦገስት 13 (ነሐሴ 7) ላይ ይውላል፤ መካከሉ 105 ቀን፣ ቀሪው የዓመቱ ክፍል 260 ቀን ነው። የተቀደሰው 260 ከዚህ መጣ የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሌሎች ከሰው እርግዝና ርዝመት ወይም በቀላሉ ከ13 ጊዜ 20 ያመጡታል። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ከሚጀምርበት ሰሞን ጋር መቀራረቡ ግን ለበቆሎ ገበሬ በቂ ምክንያት ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ሁለቱ ቀኖች ይቀራረባሉ፦ በሰሜን ዩካታን ባለችው ቺቼን ኢትሳ ላይ ሜይ 23 (ግንቦት 15) እና ጁላይ 20 (ሐምሌ 13) ገደማ ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ልንሞክረው እንችላለን?

አዎ፤ አገራችን በሙሉ በዚያው ክልል ውስጥ ናት። አክሱም ከኮፓን የምትለየው በኬክሮስ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነው፤ ስለዚህ ቀኖቿ ሚያዝያ 20 እና ነሐሴ 9 ገደማ ናቸው። ጎንደር ላይ ሚያዝያ 15 እና ነሐሴ 14፣ አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ነው።

አንድ ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ ቦታ ላይ ይትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን በግንበኛ ቱምቢ ከሁለት አቅጣጫ ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ላይ የፀሐይ እኩለ ቀን በእኛ ሰዓት 6፡25 ገደማ ነው እንጂ ልክ 6 ሰዓት አይደለም፤ ከተማዋ ከሰዓት ክልላችን መካከለኛ መስመር በስተምዕራብ ስለሆነች ነው። ልክ በ6 ቢለኩ ጥላው ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ያገኙታል፣ ሙከራውም የከሸፈ ይመስላል። ከሚያዝያ 5 አምስት ቀን በፊት ጀምረው በየዕለቱ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርጉ። በመጀመሪያ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ በየቀኑም በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል፤ ከዚያ ይጠፋና በደቡብ በኩል ይወጣል። የጥላው ጠርዝ ከ9 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ብዥታ አለው፣ የፀሐይ ስፋት የሚያመጣው ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን የተሻለ ትክክለኛነት አይጠብቁ። ማየት ያለብዎት ጥላው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሻገረበትን ቀን ነው። የነሐሴው በደመና ምክንያት ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ዓመቱ ርዝመት እንዴት ይደረሳል?

በረጅሙ ቆጠራ። የሚከተለው የእኛ ምሳሌ ነው፣ ከሐውልት የተወሰደ አይደለም። ፀሐይ በአንድ ምልክት ላይ ወጣች፣ ቀኑ ተመዘገበ። ከ40 ዓመት በኋላ እዚያው ላይ ወጣች፣ ቀኑ ተመዘገበ። ሁለቱ ሲቀናነሱ 2.0.10.10 ይወጣል፦ 2 ቃቱን፣ 0 ቱን፣ 10 ዊናል፣ 10 ቂን፤ 14,610 ቀን ማለት ነው። 40 ሃብ ደግሞ 2.0.10.0 ነው። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፦ 40 ዓመት 10 ቀን አስተርፏል።

የማያ ጸሐፊ በነጥብ የሚጻፍ ክፍልፋይ አይጠቀምም። «365 ከሩብ» ከማለት ይልቅ «ለ40 ዓመት 10 ቀን» ይላል። ቆጠራው ሲረዝም ትክክለኛነቱ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ምልከታ አንድ ቀን ቢሳሳቱ እንኳ ስሕተቱ ለብዙ ዓመት ስለሚከፋፈል ይቀጥናል። 120 ዓመት ቢቆጥሩ ትርፉ 29 ቀን ነው፤ 30 አይደለም። ለዓመት ሲካፈል 0.2417 ይሆናል፣ ከእውነተኛው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ብቻ ይርቃል። ከሦስት ትውልድ ያልበለጠ ትዕግሥት የዩልዮስን ሩብ ቀን ስሕተት ያጋልጣል።

ዓመቱን 365.2420 ብለው አስልተዋል የሚባለውስ?

ይህ ቁጥር በየትኛውም የማያ ጽሑፍ ላይ የለም። የመጣው በ1930 ከጆን ቲፕል ሥራ ነው፤ ቲፕል ሙያው ኬሚስትሪ ሲሆን ለማያ ጥናት ብዙ የጠቀመ ሰው ነው፣ በተለይ በጨረቃ ቆጠራ። በኮፓን 149 ጨረቃዎች (የጨረቃ ወራት) 4,400 ቀን ተደርገው ይቆጠሩ እንደነበር አሳየ። 235 ጨረቃ ከ19 የፀሐይ ዓመት ጋር እኩል ነው የሚለውን የታወቀ ዝምድና በዚህ ላይ ብናባዛው 6,939.6 ቀን ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 365.2420። ችግሩ ማያዎች ይህን ማባዛትና ማካፈል እንዳደረጉ የሚያሳይ ነገር አለመኖሩ ነው። ቲፕል በኮፓን ሐውልቶች ላይ ያሉ ቀኖች የተከማቸውን የሃብና የፀሐይ ዓመት ልዩነት እንደሚመዘግቡ ተከራክሯል፤ ቀኖቹ የበዙ ስለሆኑ ግን በአጋጣሚ የሚገጥሙ ማግኘት ቀላል ነው፣ ዛሬ የሚቀበለው ምሁር ጥቂት ነው።

«ከግሪጎሪዮስ አቆጣጠር ይበልጥ ትክክል ነበሩ» የሚለው ወሬ በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። የግሪጎሪዮስ (የዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር) ዓመት አማካይ 365.2425 ስለሆነ ንጽጽሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ማያዎችን ለማክበር ግን ያልጻፉትን ቁጥር ማበደር አያስፈልግም፤ የጻፉት ይበቃል። በሹልቱን፣ ጓቲማላ፣ በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በተሳለ ግድግዳ ላይ 341,640 የሚል የቀን ቁጥር ተገኝቷል፤ ውጤቱ በ2012 ታትሟል። ቁጥሩ ለ260፣ ለ365፣ ለቬነስ 584 እና ለማርስ 780 ያለ ትርፍ ይካፈላል። ያስጨነቃቸው ይህ ነበር፦ ሁሉም ቆጠራዎች አብረው የሚዘጉበትን ቀን ማግኘት።

ቺቼን ኢትሳ ያለው ፒራሚድ 365 ደረጃ አለው፤ እባቡም በትክክለኛው ቀን ይወርዳል። መለኪያ ነበር?

አራት ደረጃዎች በ91 መርገጫ 364፣ የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365። ይህ የሃብን ቁጥር በድንጋይ መግለጫ ነው፤ መለኪያ ግን አይደለም። ማርችና ሴፕቴምበር ላይ ከሰዓት በኋላ በሰሜኑ ደረጃ ዳር የሚታየው የብርሃንና የጥላ እባብ እጅግ ያማረ ትዕይንት ነው፣ ነገር ግን ከዋናው ቀን በፊትና በኋላ ለብዙ ቀናት ይታያል። በጥቂት ቀን ልዩነት የማይለወጥ ነገር ቀንን አይለይም። ስለ እርሱ የሚናገር የጥንት ጽሑፍም የለም። እዚያው ከተማ ያለው ክብ ሕንፃ፣ ካራኮል፣ ለተመልካች የበለጠ ይጠቅማል፤ ከቀሩት ጠባብ መስኮቶቹ የሚታዩት አቅጣጫዎች ከቬነስ የሰሜንና የደቡብ ጫፍ ጋር ይገጥማሉ።

የማያን ቀን ወደ አውሮፓ ቀን በምን ይለውጡታል?

በብዛት ተቀባይነት ያለው ስሌት የረጅሙን ቆጠራ መነሻ ኦገስት 11፣ 3114 ከክርስቶስ ልደት በፊት ላይ ያስቀምጣል። ከቲካል ቤተ መቅደስ የተወሰደ የእንጨት መቃን በካርቦን ሲለካ ከዚህ ስሌት ጋር መስማማቱ በ2013 ታትሟል። የሚያጋጥመው የተለመደ ስሕተት የዩልዮስንና የግሪጎሪዮስን ቀን መቀላቀል ነው፤ በላንዳ ዘመን ልዩነቱ 10 ቀን ነበር፤ ላንዳ የጻፈው ጁላይ 16 በግሪጎሪዮስ ጁላይ 26 ነው።

ዛሬም የሚቆጥሩ አሉ?

አሉ። በጓቲማላ ደጋ በቂቼና በኢሺል ማያዎች ዘንድ የ260 ቀኑ ቆጠራ ሳይቋረጥ ቀጥሏል፤ ቀን ጠባቂዎቹ ዛሬ የሚሉት ቀን ከጥንቱ ሐውልቶች ስሌት ጋር ይገጥማል። የዓመት ተሸካሚዎችም በአንዳንድ መንደሮች ይከበራሉ፣ የዓመቱ መባቻም እስከ ዛሬ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እየቀደመ ነው።